ለታመመ ሰው የማይነገር

ቢቸና ጤና ጣቢያ በተመደብኩ ሰሞን ድምፄ ከአፌ ወጥቶ ብዙ አይርቅም ነበር። በሽተኛ ሳናግር እኔ ጎንበስ እላለሁ፤ በሽተኛው ደግሞ ለመስማት ቀና ይላል፤ እንዲህ መሃል መንገድ ላይ እየተገናኘን ነበር የምንግባባው። ከወንዶቹ ክፍል በር አጠገብ አንድ ደብተራ ተኝተው ነበር። የደብራቸውን ጣራ ሲያስከድኑ ከመሰላል ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል። ከእግራቸው በቀር ምንም ያላመማቸው ሰው ስለነበሩ ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ሰው ይፈልጋሉ።

"ሲስተር ስታናግረን ዳዊት የምትደግም ነው የሚመስለኝ። መቼ እንደምትጨርስ ባውቅ አሜን እል ነበር" ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ሙቀታቸውን ለክቼ "ደህና ነው" ስላቸው እውነትም "አሜን" አሉኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሳቅሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከሁሉ የወደድኩት ትምህርት ስለ ታማሚ ስሜት የተማርነውን ነው። ጽኑ ሕመም የያዘው ሰው እንደሚፈራ፣ ፍርሃቱን አንዳንዱ በቁጣ፣ አንዳንዱ በዝምታ እንደሚሸፍን፣ ነርስ አጠገቡ ቁጭ ብላ ልታዳምጠውና ልታጽናናው እንደሚገባ ተምረናል። ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ለዓይናፋር ሰው አይከብድም። ማጽናናቱም ቢሆን ጥቂት ቃል ነው። ትምህርቱ ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ቢቸና ስደርስ ታማሚውን ከእኔ በፊት ያላጽናናው ሰው የማይገኝ መሆኑን ነው።

ባገራችን ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። እኔም ደብረ ማርቆስ በዚሁ ልማድ ውስጥ ነው ያደግሁት። ቤት ቢቃጠል፣ ከብት ቢሞት፣ ወንድም ቢቀበር፣ ለተኛው ሰው "ሁሉ ደህና" ይባላል። እስኪነሣ ይጠበቃል። ጠያቂዎች ከጤና ጣቢያችን በር ላይ ቆመው እንባቸውን ሲጠርጉ፣ ፊታቸውን ሲያስተካክሉ፣ ከዚያ ፈገግ ብለው ሲገቡ በየቀኑ አያለሁ። በፍቅር የሚደረግ ነገር ስለሆነ ማንም ክፉ አይለውም። እኔም አላልኩም፤ ከሸበል በኩል የመጡ አንድ ገበሬ እስኪገቡ ድረስ።

ሰውየውን ያገራቸው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ነው ያመጧቸው፤ ቤታቸው ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው። ደረታቸው ውስጥ መግል ቋጥሮ ትንፋሻቸው ያቃስት ነበር። ኃላፊያችን መግሉን በመርፌ ቀዳላቸው፤ እኔ ፔኒሲሊኑን ሰዓቱን ጠብቄ እወጋ ነበር። ሚስታቸው አልጋቸው ሥር ቁርበት አንጥፈው ያስታምማሉ። የሚያሰጋው ጊዜ አለፈ። ትኩሳቱ ወረደ፤ ሳሉ ቀለለ፤ አንድ ማለዳ ከደብተራው ጋር ስለ ጠላ ሲከራከሩ ሰምቼ ዳኑ ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያው ሳምንት ሚስታቸው የቤታቸውን ነገር ሊያዩ አገራቸው ደርሰው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ምግብ ተዉ።

መጀመሪያ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ነው አልን። አጥሚት ቀረበ፣ እርጎ ቀረበ፤ ሁለቱም ተመለሰ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ትኩሳት የለም፤ ደረታቸውን ባዳምጠው ንጹሕ ነው፤ ሰውየው ግን ከቀን ወደ ቀን ይሟሽሻሉ። ክንዳቸው ላይ የመርፌ ቦታ መፈለግ አስቸገረኝ። ኃላፊያችን ከሐረርጌ የመጣ፣ በሽተኛን ጮክ ብሎ የሚወድ ሰው ነው። በቁጣም በልመናም ሞከረ። ውጪ ወጥቶ ግን "በሽታውን አሸንፈነዋል፤ በዚህ ዓይነት ካልበሉ ግን ከእጃችን ይወጣሉ" አለኝ።

እኔ የማውቀውን አደረግሁ። በርጩማ ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምንም አላልኩም። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሳይሰለቹኝ አልቀሩም፤ ወደ ግድግዳው እንዳዩ አናገሩኝ።

"ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ሁሉ ነገር ደህና የሆነበት ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ምን ማለትዎ ነው አባባ?"

"ሚስቴ አገር ደርሳ መጣች። ከብቱ እንዴት ነው? ደህና። ሰብሉስ? ደህና። ልጁንማ ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ። የጎረቤት ልጅ ለፈቃድ መጥቶ አይቼዋለሁ አለ፤ አስመራ መጋዘን ይጠብቃል፤ እንዲያውም ወፍሯል አለችኝ። ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ የወፈረ ሰው ሰምተሻል?"

በርጩማውን ወደ አልጋው አስጠጋሁ።

"ይሁን፣ ይወፍር። ግን ወሰን የገፋኝ፣ ችሎት ለችሎት የምንካሰሰው ጎረቤቴስ? እሱም ደህና ነው፤ ሰላም በይልኝ ብሏል አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ሰው ለእኔ ሰላምታ የሚልክ ቤቴ ውስጥ ሬሳ ከወጣ ብቻ ነው።"

ከወደ በሩ ደብተራው ሳቃቸውን ሲውጡ ሰማሁ። ሰውየው ግን የሚቀልዱ አልነበሩም። ሚስታቸው የተመለሱ ዕለት በመስኮቱ በኩል ከወንድማቸው ጋር ሲንሾካሾኩና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይተዋቸዋል። አንድ ወንድ ልጃቸው ነው፤ ሌሎቹ ሴቶች ናቸው፤ ተድረው ሄደዋል። ልጁ ከሞተ ለማን እድናለሁ ነው ነገሩ።

"ልጅዎ ደህና ነው አባባ" አልኩ። ሌላ የማውቀው ቃል አልነበረኝም።

ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ። ያዘኑልኝ መሰለኝ። "አንቺም ጀመርሽ" አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

በዚያ ከሰዓት ጥጥ እየጠቀለልኩ ይህን ሳሰላስል ዋልኩ። ሰውየው የሚፈልጉት ማጽናኛ አልነበረም። ማጽናኛማ ከሁሉም ሰው እየተቀበሉ ነው። "ደህና ነው" የሚለው ቃል ልጁ ቢሞትም የሚባል፣ ቢኖርም የሚባል ከሆነ እንዴት ብለው ይመኑት? እውነቱን ከደግ ውሸት የሚለይ ምልክት የለውም። እኔም ከሰልፉ መጨረሻ ተሰልፌ ያንኑ ቃል አቀበልኳቸው።

ሚስታቸውን የልብስ ማጠቢያው ዘንድ አገኘኋቸው። እንዴት እንደምጀምር ስለጨነቀኝ አጠገባቸው ሆኜ ያልቆሸሸ ፎጣ አጠብኩ።

"እማማ፣ ልጅዎ በሕይወት አለ?"

"ምን ትላለች ይህች ልጅ። አለ እንጂ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

"እንግዲያው ከወንድምዎ ጋር ያለቀሳችሁት ለምንድን ነው?"

ዙሪያቸውን ገላምጠው አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠጉ። ዳለቻው በሬ ገደል ገብቷል። ከጥጃነቱ ጀምሮ ሰውየው በእጃቸው ሣር እያጎረሱ ያሳደጉት፣ ስሙን ሲጠሩት ካለበት የሚመጣ በሬ ነው። "ይህን ከሰሙ የታመመ ደረታቸው ይችለዋል? ይነሡና ይነገራቸዋል ብለን አፋችንን ይዘናል።"

"ይንገሯቸው" አልኩ።

"ምን አልሽ? አልሰማሁሽም።"

"በሬው መሞቱን ይንገሯቸው።"

"ለበሽተኛ መርዶ? ዩኒቨርሲቲ ይህን ነው የሚያስተምሯችሁ?"

ከዚህ በፊት ለማንም ያላወራሁትን ያህል አወራሁ። ሁሉ ደህና ሲሏቸው እያመኑ እንዳልሆነ፣ የተደበቀ ነገር መኖሩን ዓይናቸው እንዳየ፣ የተደበቀው ምን እንደሆነ ስላላወቁ ከሁሉ የከፋውን እንደመረጡ ነገርኳቸው። "አንድ ክፉ ነገር ከነገሯቸው ደጉንም ያምናሉ" አልኩ። የጎረቤቱን ሰላምታ ስነግራቸው ደነገጡ፤ ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ።

"እሱንስ ከራሴ ነው የጨመርኩት" አሉ። "ደስ ይበላቸው ብዬ።"

ኃላፊያችንን አስፈቀድኩ። "በሬ ሞተ ብሎ ማከም የት ነው የተማርሽው?" አለኝና ጥቂት አሰበ። "ልባቸውን ሰምቼዋለሁ፤ ደህና ነው። ይነገራቸው።" ሚስታቸውም እሺ አሉ፤ ብቻ "እንግዲያው በወጉ ይሁን፤ እኔ በአፌ አላረዳም" አሉ። እኔ እሺታቸው እንጂ ወጉ ትዝ አላለኝም።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የቴርሞሜትሩን ሳሕን ይዤ ወደ ወንዶቹ ክፍል ስመጣ በሩ ላይ የሽማግሌ ከዘራ ተደግፎ አየሁ። አንድ አይደለም፤ ብዙ ነው። ገባ ብዬ ሳይ መርዶ ሊነገር ነው።

መርዶ በወጉ ሲሆን እንዴት እንደሚነገር ያገሬ ሰው ሁሉ ያውቃል። ንጋት ላይ ነው፤ ሰውየው ከመኝታው ሳይነሣ፣ እህል ሳይቀምስ። ሽማግሎች ተሰብስበው የነፍስ አባት ከፊት ሆነው ይመጣሉ። ነገሩን በቀጥታ አይናገሩትም፤ ከአዳም ጀምረው ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ሚስታቸው የበሬውን ሞት በወጉ እንዲነገር ሽማግሎቹን ከሸበል ድረስ አስመጥተው ነበር። ቄሱ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መስቀላቸውን ይዘው ራስጌ ቆመዋል። ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋውን ከበዋል። ሚስታቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግርጌ ቆመዋል። ወጉ ራሱ እንባ ያመጣል መሰለኝ፣ ገና ምንም ሳይባል እያለቀሱ ናቸው።

ሰውየው ዓይናቸውን ገልጠው ይህን አዩ።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ልጄ፣ አዳም አባታችን እንኳ ከገነት ወጥቷል። ሰው ሆኖ የማያገኘው የለም። እግዚአብሔር የሰጠውን እሱ ሲወስድ—"

"ልጄን" አሉ ሰውየው። ድምፃቸው ከየት እንደመጣ አላውቅም። "ልጄን፣ ልጄን።"

"አይዞህ፣ በርታ እንጂ" አሉ አንዱ ሽማግሌ፤ ገና ወደ ነገሩ አልደረሱምና ሳይቸኩሉ። "ኢዮብም ከብቱን አጥቶ—"

ሰውየው ኢዮብን አልሰሙም። ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ይንቀጠቀጡ ነበር። በሽማግሎቹ መካከል እንዳላልፍ ጀርባቸውን ገጥመው ቆመዋል። ይቅርታ፣ ይቅርታ አልኩ፤ ማንም አልሰማኝም። ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ የእኔ ይሁን የሌላ ሰው እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

"በሬው ነው! አባባ፣ የሞተው በሬው ነው!"

ከማዶ ከሴቶቹ ክፍል የአንዲት እናት ድምፅ "ምን ሞተ አለች?" ሲል በግልጥ ተሰማ። ኃላፊያችን አንድ ጉንጩን ላጭቶ አንድ ጉንጩ ሳሙና እንደሆነ በሩ ላይ ደረሰ። ሽማግሎቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ።

"አሜን" አሉ ደብተራው ከበሩ አጠገብ። "ዛሬ ጨረሰች።"

ሰውየው ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጡ። "የትኛው በሬ?"

ቄሱ ንግግራቸው በመቆረጡ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል። "ዳለቻው ነው እንጂ። ወደዚያው እየመጣሁ ነበር።"

"ምን ሆነ?"

"ገደል ገባ።"

"ቢላዋ ደረሰለት?"

"ደርሷል" አሉ አንዱ ሽማግሌ። "እኔ ነኝ ወርጄ የባረክሁት። ሥጋውም ቅርጫ ገባ፣ ቆዳውም ተወጥሮ ደርቋል።"

ሰውየው ይህን ሁሉ በጥሞና ሰሙ። ከዚያ አንድ በአንድ ያሉትን ሽማግሎች ዓይናቸውን እያዟዟሩ ቆጠሩ። ምን እያሰቡ እንደነበር ያወቅሁት ሲናገሩ ነው።

"ለአንድ በሬ ይህን ያህል ሰው ከመጣ" አሉ፣ "ለልጄማ ቢሆን አገሩ ሁሉ ነበር የሚመጣው።"

"ልጁ ደህና ነው አልንህ እኮ" አሉ ሚስታቸው፤ በድንጋጤያቸው አንቱታውን ረስተውታል።

"አሁን አመንኩ።"

ከዚያ ለዳለቻው አለቀሱ። እውነተኛ ልቅሶ ነበር፤ ትከሻውን፣ እርሻ ላይ መስመር አለመልቀቁን፣ ቀንበር ሲያይ አንገቱን ማቅረቡን እያነሡ። ሽማግሎቹም መንገድ መትተው መጥተዋልና አብረው አለቀሱ፤ ወጉም ዳር ደረሰ። ሚስታቸው በመጨረሻ እንባቸውን ጠርገው "ለእኔ እንዲህ አልቅሰው አያውቁም" አሉ።

"አንቺ መቼ ገደል ገባሽ" አሏቸው።

ደብተራው በሳቅ እግራቸውን አንቀሳቅሰው "ወይኔ እግሬ" አሉ። ሰውየው ፊታቸውን በጋቢያቸው አበሱና እኔን አዩኝ። "ያ አጥሚት አለ?" አሉ።

አጥሚቱን በሁለት እጄ ይዤ አቀረብኩላቸው። ጠጥተው ጨረሱ፤ ደግሞም ጠየቁ።

በዚያ ሳምንት የሠራተኛ ስብሰባ ላይ ሂስ ቀረበብኝ። አንድ ጓድ ተነሥቶ "ሲስተር በጠዋቱ ዋርድ ውስጥ ጮኻለች፤ ይህ የሥራ ሥነ ሥርዓት አይደለም" አለ። ኃላፊያችን ከንፈሩን ነክሶ ጣራ ጣራ ያያል። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። ተነሥቼ አደረግሁ። የስብሰባው ጸሐፊ ብዕሩን አንሥቶ "ጓድ፣ እባክሽ ጮክ በይልን፤ አልተሰማም" ሲለኝ ያ የከሰሰኝ ሰው ራሱ ሳቀ።

ሰውየው ሥጋ እስኪመልሱ ብዙ አልቆዩም። ሊወጡ ሲሉ ሚስታቸው ቀድመው አገር ደርሰው መጡና በቅሎ አቀረቡላቸው።

"ቤቱ እንዴት ነው?" አሏቸው ሰውየው።

"ሁሉ ደህና ነው።"

"ተይ፤ አንድ ክፉ ነገር ንገሪኝና ልመንሽ።"

ሚስታቸው ትንሽ አሰቡ። "ዝንጀሮ በቆሎውን ጨርሶታል።"

"ተመስገን" አሉና በቅሏቸው ላይ ወጡ።

ቀጥሎ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። ድምፄ ከቢቸናው ብዙም አልጨመረም። ግን አንድ ልማድ ይዤ ሄጃለሁ። ጽኑ ታማሚ "እንዴት ነኝ?" ሲለኝ አስቀድሜ ትንሿን ክፉ ነገር እነግረዋለሁ፤ መርፌው ያማል፣ ዛሬ ሌሊት ሳሉ አያስተኛዎትም፣ ጨው ለጊዜው ይቀርብዎታል። ፊቱን አያለሁ። ቅር ይለዋል፤ ግን ጆሮውን ይሰጠኛል። ከዚያ "ትኩሳትዎ ወርዷል" ስለው ያምነኛል። የሚሞት ሰው ሲሆን ደግሞ የምለው ይጠፋኛል፤ ያን ጊዜ በርጩማ ስቤ እቀመጣለሁ፤ እጄን ከያዙኝ እይዛቸዋለሁ። ስለዚያ ገና ብዙ አላውቅም።

አንድ የገበያ ቀን ሞጣ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ ከኋላዬ "ሲስተር በሬው" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሸበሉ ሰው ሚስት ናቸው። በዚህ በኩል የተዳረች ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተዋል። ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝ።

"አባባ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናቸው።"

"ልጅዎስ?"

"ደህና ነው። ሁሉ ደህና።"

ፈገግ ብለው ነው የተናገሩት። እኔ ግን አላመንኳቸውም። በዚያ ሰሞን ከሰሜን የሚመጣው ወሬ ጥሩ አልነበረም፤ ገበያው መሃል የሰውን እናት ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ሽንኩርቱን እንደያዝኩ ዓይናቸውን አየሁ። ነጠላቸውን እንዴት እንደለበሱት ሁሉ አየሁ። እሳቸውም አዩኝ፤ ምን እንደፈለግሁ ገባቸውና እጄን ያዙ።

"እሺ፣ እነግርሻለሁ" አሉ። "ጊደሯ ጨነገፈች። ያ ጎረቤታችን ወሰኑን ደግሞ ገፋው። ልጄ ቁስለኛ ሆኖ፣ አንድ ጣቱን ጥሎ ተመልሷል። መመለሱስ ተመለሰ፤ እኔ ያጨሁለትን ልጅ እምቢ ብሎ ከተማ ያወቃት አንዲት ፈት ካላገባሁ አለ። አባቱ አኩርፈውት፣ እሱም አባቱን አኩርፎ፣ አንድ ቤት ውስጥ በእኔ በኩል ነው የሚነጋገሩት። 'ያን ልጅሽን ጨው አቀብል በይው' ይሉኛል አባቱ። የእኔ ብቻ ነው? የእርስዎም ልጅ ነው እላለሁ። እነሱን ሸሽቼ ነው የመጣሁት።"

እስኪጨርሱ ቆሜ ሰማሁ። ስለ ፈቲቱ ሲነግሩኝ ተናደዋል፤ እኔ ግን ፈገግታዬን መመለስ አቃተኝ። ሲያዩኝ እሳቸውም ንዴታቸውን ተዉና ሳቁ። ሽንኩርት ሻጯ "ትገዣለሽ ወይስ ትስቂያለሽ?" አለችኝ። የመጣሁበትን ረስቼ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ተመለስኩ።